ጋዙ ከተራራቀ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018፣ መቐለ

ዛሬ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ አስተማርኩ። ጋላክሲው ውስጥ ጋዝ ስለሞላ ብቻ ኮከብ አይበዛም፤ ኮከብ የሚወለደው ጋዙ ቀዝቅዞ፣ ተሰብስቦ፣ ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ነው አልኳቸው። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንደተራራቀ ብዙ ዘመን ቢጠብቅስ?»

«ካልተቀራረበ ምንም አይወለድም» አልኳትና ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ባለቤቴን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ከሸኘሁት ክረምቱ አለፈ። አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ ወዲህ ትዳራችን በስልክ ነው። ወሬ ሞልቶናል። ልጅ እንውለድ ስለው መልሱ ሁልጊዜ «መጀመሪያ አንድ ቦታ እንሁን» ነው።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ደወለ።

«ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ስለ ጋዝ ሳወራ።»

«ዋእ፣ አለቀብሽ እንዴ? ወንድሜ ነገ መጥቶ ሲሊንደሩን ያስሞላልሽ።»

የኮከቡን ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ወንድምህን አታስቸግረው» አልኩት። «አንተ ስትመጣ ታስሞላዋለህ።»

ቻው ተባብለን ስልኩን ዘጋን።

ቤት ገብቼ ሲሊንደሩን አነሳሁት። ገና ከባድ ነው። ለአንድ ሰው ሲበስል አያልቅም።