ለማይደበዝዘው አምፖላችን ስለተሰጠው ሥልጠና

ለክቡር አቶ ፈንታዬ ኃይለ ማርያም
የአምፖል ቅያሪ ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በየስብሰባው ከጎንዎ ለማይለዩት የኮሚቴ አባላት አላህ ጤናን፣ ዕድሜን፣ በተለይም የዓይን ብርሃንን አብዝቶ እንዲሰጣችሁ እመኛለሁ። እኔ በገበያው መውጫ የምኖር ልብስ ሰፊ ሀይፋ ሱሌማን፣ ኮሚቴዎ ለቤታችን የዋለውን ውለታ ሕዝብ ፊት ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ስለማያርፍ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። እናቴ ወይዘሮ ዙሀራ ለብዙ ዓመታት ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ቆይቶ፣ ባለፈው ዓመት ደሴ ሄደው ታክመው አልሐምዱሊላህ ማየት ጀምረዋል፤ ኃይለኛ ብርሃን ግን ያሳምማቸዋል። ጅዳ የሚሠራው ወንድሜ ኢማድ ይህን ሲሰማ ዲመር የሚባል፣ እንደ ሬዲዮ ድምፅ በጣት እየተዞረ መብራት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ላከልን። ልጆቼ አጥንተው ሲጨርሱ ዝቅ እናደርገዋለን፤ የድሮው ባለ ክር አምፖላችንም እንደታዘዘው ቀላ ብሎ ይደበዝዛል፤ ያኔ እናቴ ከጓዳ ወጥተው እስከዚያ በድምፅ ብቻ የሚያውቋቸውን የልጅ ልጆቻቸውን ፊት አንድ በአንድ ያዩ ነበር። እርስዎ ዘመቻውን የጀመሩት በዚህ መሐል ነው።

አንደኛ፣ የኮሚቴዎ አባላት ቤታችን ድረስ መጥተው ባለ ክር አምፖሎቻችንን አንድም ሳያስቀሩ ሰብስበው ጠመዝማዛውን ቆጣቢ አምፖል ስለተኩልን እናመሰግናለን። ቆጣቢነቱን አልክድም፤ በሌላው ክፍል ልብስ እሰፋበታለሁ። ችግሩ ዲመሩ ላይ ሲገባ ነው። ባለ ክሩ አምፖል ሽቦው ግሎ ስለሚበራ፣ ኃይል ሲቀነስበት ግለቱም ብርሃኑም አብሮ ይቀንሳል፤ ሌላ ጣጣ የለበትም። ጠመዝማዛው ግን ውስጡ ጋዝና ያንን ጋዝ የሚያስነሳ ትንሽ መሣሪያ ስላለው፣ ሙሉ ኃይሉን ካላገኘ ይርገበገባል፣ እዝዝ ይላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ለዲመር ተብሎ የሚሠራ ቆጣቢም እንዳለ ኢማድ ነግሮኛል፤ እርስዎ ያደሉን ግን ያ አይደለም። በካርቶኑ ላይ ዲመር ላይ እንዳይገባ የሚከለክል ሥዕል ታትሞበታል፤ ካርቶኖቹ ለዘመቻው መክፈቻ መድረክ ማስጌጫ ስለተወሰዱ ሥዕሉን ያየሁት በንግግርዎ ላይ ከኋላዎ ተሰቅሎ ነው።

ሁለተኛ፣ አቤት ስል ሳይውሉ ሳያድሩ ገምጋሚ ቡድን ስለላኩልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ቡድኑ ዲመሩን ወዲያና ወዲህ አዙሮ፣ አምፖሉ ሲርገበገብ በጥሞና ተመልክቶ፣ ውጭ ወጥቶ ከመከረ በኋላ የችግሩ ምንጭ ቴክኒክ ሳይሆን አመለካከት መሆኑን ነግሮን ሄደ። ቀጥሎም ሥልጠና ተሰጠ። ግማሽ ቀን ሙሉ ለውጥን እንዴት መቀበል እንዳለብኝ ተብራራልኝ፤ እኔም በጣም ተለውጫለሁ። አምፖሉ ግን ሥልጠናው ላይ ስላልተጠራ እስካሁን እንደተርገበገበ ነው።

ሦስተኛ፣ ኢማድ በሰው እጅ ኤል ኢ ዲ የሚባለውን አዲስ አምፖል ልኮልን ነበር። እሱም እንደየሥሪቱ ነው፤ አንዳንዱ ከዲመር ጋር ይስማማል። የእኛው የሚወስደው ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ለትልልቅ አምፖል የተሠራው ዲመር ሊገዛው አልቻለም፤ እስከ ግማሽ ታግሶ ድንገት ይጠፋል። በዚህ እንኳ ኮሚቴዎን አልወቅስም።

አራተኛ፣ በሻማ እንዳንገላገል፣ መብራት የገባለት ሞዴል ቤት ሻማ ማብራቱ የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል ብላችሁ ወስናችኋል። የአንድ ለአምስታችን መሪ የሆነችው ጎረቤቴ አመለወርቅ፣ በር ላይ ቆማ ዓይኔን ማየት እያፈረች ሻማውን እንዳጠፋ ነገረችኝ። እሷ እንኳ ማፈር ችላለች።

እናቴ አሁን ማታ ማታ የሚቀመጡት ጓዳ ነው። ጨለማ ውስጥ ሆነው ልጆቹን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ማን እንደመለሰላቸውም እንደ ድሮው በድምፅ ይለያሉ። ይህን ስሰማ እናደዳለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ በታላቅ ትሕትና ነው የምናደደው።

የምለምነው አንድ ባለ ክር አምፖል ነው። የሰበሰባችኋቸው በአደባባይ በመኪና ጎማ መደቆሳቸውን፣ ባለ ሱቆችም እንዳይሸጡ መታዘዛቸውን አውቃለሁ፤ ከጎማው ያመለጠ አንድ እንኳ ካለ ኮሚቴው ተወያይቶ ይፍቀድልኝ።

ለሰጡን ብርሃን ዓይናችንን በእጃችን ጋርደን፣ ከወገባችን ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳለን።

የዘመቻዎ ተጠቃሚ
ሀይፋ ሱሌማን
ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የከተማው መብራት በሙሉ ጠፋ። መብራት በሌለበት ሻማ ስላልተከለከለ አንድ ለኮስኩ። እናቴ ከጓዳ ወጥተው የመጨረሻ ልጄን ሺፋን አገጯን ቀና አድርገው አዩና የፊት ጥርሷ መቼ እንደወለቀ ጠየቁኝ። መብራቱን ያጠፋው ኮሚቴዎ ከሆነ፣ ይህኛው ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እባክዎ ቶሎ እንዳያስጠግኑት።