የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

የዝግጅት ቀን። ልብስ አጠብኩ፣ ሸሚዝ ተኮስኩ። አንዱን አንገቱ ላይ አሳረርኩት… እናቴ ብታየኝ ካውያውን ነጥቃ እሷው ትጨርሰው ነበር።

እህቴ ደወለች። ከቤተሰብ የምናወራው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። "ጋሽ ሽማግሌ! ሪዝ አወጣህ ወይስ ገና ነው?" ደረቴ ላይ ያለው ባጅ "ሽማግሌ" ይላል። በእኛ በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሚሲዮናዊ ሁሉ ማዕረጉ ይሄው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሸመገልኩ እንግዲህ። አብሮኝ የተመደበው ረጅሙ ልጅም ሽማግሌ ነው፣ በሃያ ዓመቱ። ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚመድቡን፤ ያለ እሱ ሱቅ እንኳ አልሄድም። ሲያንኮራፋ ግን… ለማንኮራፋት የሚሆን ጸሎት ይኖር ይሆን?

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ በር ማንኳኳት። "ደህና ዋሉ" ሳልል ፊቴ ላይ የሚዘጋ በር ለምጃለሁ። ዛሬ ግን ከልብስ ሰፊው ሱቅ ቀጥሎ ያለው ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንኳኳን። ከውስጥ፦ "ግባ፣ ግባ! የት ቆይተህ ነው?"

አንዲት እናት ብቅ አሉ። ሲያዩን ፊታቸው ወደቀ… ቶሎ ሰበሰቡት እንጂ። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት እንድንገባ ደንባችን አይፈቅድም። ብነግራቸው ሳቁ። "እኔን ፈርታችሁ ነው?" ሰፊውን ጠሩት። የሚዘመዝመውን ሱሪ እንደያዘ መጣ፣ እያጉረመረመ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ጫማ ስናወልቅ ለእኔ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አቀረቡልኝ። ረጅሙን "አንተ በካልሲህ ግባ" አሉት። ነጠላ ጫማው ልክክ አለልኝ። የማን ነው? አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ሱሪዬን ሊያሳጥርልኝ ሲለካኝ ሰፊውን ጠየቅኩት። የልጃቸው ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ጀርባ ያለው ግድብ ሊዋኝ ሄደ… ጓደኞቹ ተመለሱ።

"ቀብረነዋል እኮ" አለኝ፣ መርፌውን ከንፈሩ ላይ ይዞ። "ሳጥኑን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ዘግታ አታውቅም።"

"ሌባ አይገባም?"

"ሌባስ ቢሆን አይፈራም?"

ለእኛም መዋኘት ክልክል ነው። ረጅሙ "ሰይጣን ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ነው" እያለ ይቀልዳል። ዛሬም ቀለደ። አልሳቅኩም።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ትምህርት ጀመርንላቸው። የሞቱ ሰዎች ነፍስ አልጠፋችም፣ ትሰማለች፣ ትማራለች፣ ትመልሳለች… አልኩ፣ እንደተማርኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! እትዬ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ።

"ይሰማሉ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ደረትህ ላይ ሽማግሌ ነው የሚለው?"

"ማዕረግ ነው እንጂ እኔ…"

"እንግዲያው አስታርቀኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከልጄ።"

ሰፊው መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክቶ ቀረ። ልጃቸው የሞተ ዕለት ተጣልተው ነበር። ዕቃ አግዘኝ ቢሉት እምቢ ብሎ ሊዋኝ ወጣ። እሳቸውም ተናደው ከኋላው… "ሂድ! በዚያው ቅር!" የትኛዋ እናት ናት ይሄን ያላለች? የእኔዋ ስንቴ ብላኛለች። እኔ እራት ሲደርስ እመለስ ነበር። እሱ ቀረ።

"ከልቤ አልነበረም በልልኝ። ያለህንም አምጣልኝ። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ነው የሚሰማ።"

እሺ አልኳቸው። ምን ነካኝ?

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ረጅሙ፦ "'ይቅር ብሎዎታል' በላቸውና ተገላገል። ምን ትጎዳለህ?"

መዋሸት አልችልም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ጸለይኩ። ምንም። ሻወር እየወሰድኩ ከውሃው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ያለ መሰለኝና ዘጋሁት። ሳሙናው ላዬ ላይ እንዳለ ቆሜ አዳመጥኩ። ቧንቧው ነው። ቧንቧው ነው አይደል?

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

እውነቱን ነገርኳቸው። "እትዬ፣ ምንም አልሰማሁም።"

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ" አሉ። "ሥጋውን አፈር አለበሱት እንጂ እሱ እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። አንተ በደረቅ ትፈልገዋለህ።" ቀጥለው፦ "ስታጠምቁ ሙሉ በሙሉ ነው አይደል የምትነክሩት? ፀጉር ሳይቀር?"

"አዎ፣ ግን ለኃጢአት ስርየት ነው…"

"እሱም ይጨመርበት። አጥምቀኝ።"

በእጄ የሚጠመቅ የመጀመሪያው ሰው። መደሰት ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ጨረስን።

እትዬና እኔ ነጭ ለብሰን የቤተ ክርስቲያናችን መጠመቂያ ገንዳ ውስጥ ገባን። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ እስከ ወገቤ። እትዬ ክንዴን ጨመቁኝ፣ የጥፍራቸው ምልክት አሁንም አለ። ቀኝ እጄን አንስቼ ቃሉን አልኩ፣ ወደ ኋላ አስተኛኋቸው፣ አወጣኋቸው። ምስክሩ ረጅሙ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ክርናቸው ከውሃ ውጪ ቀርቷል። ትንሽ ነገር ከቀረ ይደገማል።

ደገምኩ። በሁለተኛው ሰውነታቸው ልቅቅ አለ። ከበዱኝ። ላነሳቸው ስል አልመጣ አሉ… ታግዬ ነው ያወጣኋቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ተቀየሙኝ።

"ትንሽ ብታቆየኝ ምን ነበረበት? እያወራን እኮ ነበር።"

ልብስ ከቀየሩ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አላስችለኝ አለ። ሰፊው ፎጣቸውን ይዞላቸው ቆሟል።

"ምን አለዎት?"

"'እማ' አለኝ። ሊቀጥል ሲል ጎተትከኝ።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጄን መታ መታ አደረጉት። "ግድ የለም፣ ይበቃኛል። ሲቆጣ 'ሴትዮ' ነበር የሚለኝ። እማ ካለኝ ታርቆኛል።"

ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

እትዬ በራቸውን ዘግተው ተኙ! ሰፊው ነው የነገረን። ትናንት እስከ ረፋድ ባይነሱ ደንግጦ በሩን ሊሰብረው ደርሶ ነበር። ከፍተው "ምን ያስደበድብሃል? ሰው አይተኛም?" ብለው ልክ ልኩን ነገሩት። እየሳቀ ነው የነገረን፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ደስ ብሎኛል። ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ግን… ሊቀጥል የነበረው ምን ነበር? "እማ፣ ይቅር ብዬሻለሁ"? ወይስ "እማ፣ ብርድ ነው"? "እማ፣ አውጪኝ"? እሳቸው ይበቃኛል አሉ። ጎትቼ ያወጣኋቸውን እኔን ግን አልበቃኝም።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬያለሁ። ጓደኛም ተቀይሮልኛል፣ የማያንኮራፋ። እኔ ነኝ አሁን የማላስተኛው፣ በእንቅልፌ አወራለሁ አለኝ።

ዛሬ አንድ የታክሲ ሹፌር አጠመቅኩ። ቃሉን አልኩ፣ አስተኛሁት። ሁሉ ነገሩ ገባ፤ ክርኑም፣ ጉልበቱም፣ ፀጉሩም። በቃ፣ ማንሳት ነው የቀረኝ። ከአፍንጫው አረፋ ሲወጣ አያለሁ… እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጓደኛዬ "አንሳው እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

ሹፌሩ እየሳለ ወጣ። "ወንድሜ፣ ልታጠምቀኝ ነው ልታሰምጠኝ?" ብሎ ቀለደ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። ልብስ ስንቀይር ጠጋ አለኝ።

"ምን ስትጠብቅ ነበር?"

"ምንም" አልኩት።

እያዳመጥኩ ነበር።