የረግረጉ ጥግ ሊያትሪስ

ኖቬምበር 14
ስስ በረዶ ጣለ። ሊያትሪስ የሚባለውን የሜዳ አበባ ዛሬ ዘራሁት። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ ባልዲ ይዤ፣ በእጄ እየበተንኩ... ብርድ ሳይመታው አይበቅልም። የዘራሁት አባታችን ለሁለታችን ካወረሰን መሬት፣ አኩሪ አተሩን ውሃ በየዓመቱ የሚያበላሽበት ረግረጉ ጥግ ላይ ነው። ወንድሜ ዌንደል አጥሩን ተደግፎ ያየኛል።
"በበረዶ የሚዘራ ገበሬ አይቼ አላውቅም።"
"ይኸው አየህ" አልኩት።
ሦስት በጋ ሰጠኝ። በሦስተኛው ኦገስት ካላበበ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት አስረጭቶ አኩሪ አተሩን ይመልሳል። ተስማማሁ። ያብባል።

ጁን 20
በቅሏል። እንደ ሳር ቀጭን ቅጠል። አረሙ ግን ወገቤ ደረሰ። ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ ስንዝር አስቀርቼ ሁሉንም አጨድኩት። ዌንደል ሳቀብኝ።
"የዘራሽውን ራስሽ ታጭጃለሽ እንዴ?"
ይሳቅ። ዘንድሮ ሥራው ከመሬት በታች ነው፣ ሥር መስደድ።

ጁላይ 9
ሁለተኛው በጋ። አበባ የለም። አልጠበቅኩምም።

ኦገስት 2
ሦስተኛው በጋ። እምቡጥ ይዟል፣ አልፈነዳም። ዌንደል መጣ። የሚረጨውን ሰውዬ ለሰኞ ጠርቶታል።
"አርሊስ፣ ቃል ቃል ነው።"
"ኦገስት መች አለቀ?"
"ሰውየው ሌላ ቀን የለውም።"
አካፋ አንስቼ አንዱን ነቀልኩለት። ሥሩ ራስ ሽንኩርት አክሏል። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላበጠው...
"እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው ይህን ያህል የሆነው?"
ለሰውየው ደውሎ ሁለት ሳምንት አስጨመረልኝ። ፈርቼ ነበር? ትንሽ። የነቀልኩትን መልሼ ተከልኩት።

ኦገስት 11
አበበ። ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚፈታው፣ ሐምራዊ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ። ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ወረዱበት። አንዱ ዘንግ ላይ ብቻ አሥራ አራት። ብርዱን ሸሽተው ወደ ሜክሲኮ ለሚበሩበት መንገድ ስንቅ እየቋጠሩ ነው። ንቦቹማ... ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።

ኦገስት 12
ዌንደልን ጠራሁት። መሀል ገብቶ ቆመ። ቢራቢሮዎቹ ክንዱ ላይ ሲያርፉ አልተነቃነቀም።
"እማዬ በሕይወት ሳለች ነበር ቢራቢሮ እንዲህ የማየው" አለ። ፊቱን አዞረብኝ።

ኦገስት 15
ዌንደል ቤት ምሳ እየበላን የሚረጨው ሰውዬ ደወለ። ነገ ሊረጭ ነው።
"የረግረጉን ጥግ እለፈው" አለው ዌንደል። ሰውየው የሆነ ነገር ጠየቀው።
"አረም አይደለም። ሊያትሪስ ይባላል... የእህቴ ነው ወይ?"
ቀና ብሎ አየኝ።
"የሁለታችን ነው።"