ቀምሰው ላጎረሱት አለቃ

ይድረስ ከክቡር አባታችን ከአለቃ ገብረማርያም፥ ከደብራችን ጠባቂ፥ ከማኅበራችን ሰብሳቢ፥ ከእኛም ከተማሪዎቹ የበላይ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ልጅዎ ወልደ ሐዋርያት፥ ዳዊት ከሚደግሙት ተማሪዎች አንዱ፥ ከሁሉ አስቀድሜ ትንፋሽዎ ሳይከብድዎ ወጥቶ ይግባ ብዬ እመኝልዎታለሁ። ሰው ለሰው ይህን ሲመኝ ሰምቼ አላውቅም፤ ሹመትን፥ ልጅን፥ ረጅም ዕድሜን ነው የሚመኘው። እኔ ግን ከዐቢይ ጾም ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት አጣሁ።

ይህን ወረቀት በእጅዎ መስጠት ይገባኝ ነበር። በደጀ ሰላሙ ጥድ ላይ የሰቀልሁት፥ በእጅዎ ብሰጥዎ ለብቻዎ አንብበው እንደሚያስቀምጡት ስለማውቅና፥ ማንበብ የማይችለውም ሰው ከሚችለው እንዲሰማው ስለ ፈለግሁ ነው። ድፍረቱን ይቅር ይበሉኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ጥፋቱን ተካፍለን እንሸከመዋለን።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ በአጭሩ ላስረዳ። እናታችን ዲንቄ ሦስት ልጆች ነበሯት፤ እኔ፥ ከእኔ ቀጥሎ ኃይለ መስቀል፥ ከሁላችን ታናሽ ወለተሥላሴ። ለሁለቱ ታናናሾቼ ተልባ አይስማማቸውም። አይስማማቸውም ስል ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል ማለቴ አይደለም። ተልባ የነካው ነገር አፋቸው ከገባ ከንፈራቸው ያብጣል፥ ገላቸው ሳማ እንደ ነካው ሽፍ ይላል፥ ድምፃቸው ይጎረንናል፥ ከዚያ በኋላ ጉሮሯቸው እየጠበበ ይሄዳል። ኃይለ መስቀል ገና ሲድህ ከሙቀጫ ሥር የቀረውን ተልባ ልሶ ነው ያወቅነው፤ ያን ጊዜ እግዚአብሔር አተረፈልን። ወለተሥላሴ ደግሞ ተልባ የተማሰለበትን ጭልፋ ላሰች፥ ያው ሆነች፥ እርሷም ተረፈች። እኔ ከአንድ እናት ተወልጄ ተልባ በዋንጫ እጠጣለሁ፥ ምንም አልሆንሁም። ስለ ምን እነርሱን ብቻ እንደሚያገኛቸው አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም። እናቴ የምታውቀው ከተልባ መጠበቅ እንዳለባቸው ብቻ ነበር፤ ይህንኑም ለጎረቤት፥ ለዘመድ፥ ለእርስዎም ስትናገር ኖራለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፥ ስለ ቀመሱልን አመሰግንዎታለሁ። በአገራችን አሳላፊ መጠጡን በመዳፉ አድርጎ መጠጣቱ፥ ጋባዥም ከወጡ ቀድሞ መቁረሱ፥ መርዝ እንደሌለበት ለእንግዳው ማሳያ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። በጾሙ መካከል በዋለው ማኅበር እናቴ እጅ ነሥታ፥ «አባቴ፥ ለልጆቼ ተልባ አይሆናቸውም፤ ደረቁ እንጀራ ይበቃቸዋል» ስትልዎ ሰዉ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። ሰው ሁሉ ማኅበሩ ተጠረጠረ ብሎ አሰበ። እርስዎ ግን የማኅበሩን ክብር ለመጠበቅ ከተልባው ፍትፍት አንድ ጉርሻ አንስተው በልተው፥ ጢምዎን በመሐረብ ጠርገው፥ «ይኸው በላሁ። ሞትሁ እንዴ ዲንቄ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እናቴም እንዳታስቀይም ፈገግ አለች። ሳቁ ሳያልቅ በዚያው እጅዎ ሁለተኛውን ጠቅልለው ወደ ኃይለ መስቀል ዘረጉ። ልጁ አንድ ጊዜ ወደ እናቱ አየ። አለቃ ሲያጎርሱት አፉን እንዲከፍት በእኛው ቤት ተምሯልና ከፈተ። በምግቡ ውስጥ መርዝ እንዳልነበረበት እኔም በማንም ፊት እመሰክራለሁ። ለእርስዎ አልነበረበትም።

ሁለተኛ፥ ስለ ሕክምናው አመሰግንዎታለሁ። ወንድሜ ወደ እኔ መጥቶ አንገቱን በእጁ ይዞ፥ «ወልዴ፥ እዚህ ጋ ጠበበኝ» ሲለኝ ከንፈሩ አብጦ ነበር። እናቴ ልታወጣው ስትነሣ እርስዎ ፈጥነው፥ «ቡዳ ነው፤ ይታጠን» ብለው አዘዙ። ልጁን አስተኝተው በጋቢ ሸፍነው የመድኃኒት ሥር አጨሱበት። ጋቢውን ልገልጥ ስል ሁለት ጎልማሶች ክንዴን ይዘው፥ «ተው አንተ፥ ሊለፈልፍ ነው፤ የበላውን ሰው ስም ሊጠራ ነው» አሉኝ። አየር ያጣ ልጅ ጭስ ተሰጠው። እነርሱ ማን እንደ በላው ሲጠይቁት፥ እርሱ ምን እንደ በላ ሊነግራቸው ይሞክር ነበር። ጋቢው ሲገለጥ ሁሉም አልቆ ነበር። ፍትሐቱን ያማረ አድርገው ስለ አደረሱለትም አመሰግናለሁ፤ ድምፅዎ ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛ፥ ስለ ማጽናናቱ። እናቴ በለቅሶው ላይ «ተልባው ነው፥ ተልባው ነው» ስትል የሰማ ሁሉ ቃሉን ይዞ ሄደ። ከእኛ ደጅ ተልባው ነው ተብሎ የወጣ ወሬ ቁልቁል ወርዶ ቀበና ሲደርስ መርዙ ነው ሆነ፤ ዳገቱን ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ዲንቄ ማኅበሩን በመርዝ ከሰሰች ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን አልፎ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንኳ ፊቱን ያዞርብናል። የትምህርት ጓደኞቼ ደግሞ ጨዋታ አገኙ። ተልባ በጭብጣቸው ይዘው እኅቴን፥ «ወለቴ፥ አፍሽን ክፈቺ፥ ቆሎ ነው» ይሏታል። የመታኋቸውን ልጆች አባቶች ለእርስዎ ከስሰውኝ ስለ ቀጡኝም አመሰግናለሁ። ተልባውን ስለ ያዙት ልጆች ያሉት ነገር ካለ አልደረሰኝም።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ማኅበሩን ከሐሜት ለማንጻት ሲሉ በሽማግሎች ፊት የሚከተለውን ፈረዱልን፦ በፍልሰታ ጾም መግቢያ ወለተሥላሴ በማኅበሩ መካከል ቀርባ ከዚያው ከተልባ ፍትፍት ትበላለች፤ አለቃም አስቀድመው ይቀምሱላታል። ባትመጣ ግን ቤታችን የተገዘተ ይሆናል፤ ያበላን፥ ያጠጣን፥ እሳት ያጫረን፥ ከእኛም ጋር የቆረሰ ከማኅበሩ ይለያል። ፍርዱን ሲያነቡ እኅቴ ከእናቴ ጀርባ ሆና የቀሚሷን ጫፍ ታኝክ ነበር። ስሟ ሲጠራ ደስ አላት። ግብዣ መስሏታል።

ክቡር አለቃ፥ እኔ እፈራለሁ። ወንድ ልጅ እፈራለሁ ብሎ በአደባባይ አይጽፍም እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግን ከዚህ የሚቀድም እውነት የለኝም። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ለምኖ የሚያገኘው ምግብ በአኮፋዳው ውስጥ አንዱ ከአንዱ እንደሚቀላቀል ያውቃሉ። ስለዚህ ወደ ቤት ስመለስ አኮፋዳዬን ከአጥሩ ውጭ እሰቅለዋለሁ፥ እጄን በአመድ አሽቼ በጅረቱ እታጠባለሁ፥ ከዚያ በኋላም እኅቴን ከመንካቴ በፊት መዳፌን አሸትተዋለሁ። ሮጣ ስትመጣ ያለከለከች እንደሆነ ከሩጫው ይሁን ከሌላ ነገር ለማወቅ ቆሜ አዳምጣታለሁ። ስትስቅ ድምፅዋ ከጎረነነ አገጯን ቀና አድርጌ ከንፈሯን አያለሁ። በየካ በኩል ያለው የተልባ ማሳ በመስከረም በሰማያዊ አበባ ሲሸፈን ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል፤ እናቴ ያን መንገድ ትታ በገደሉ በኩል ትዞራለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን እርሷ አለመፍራቷ ነው። ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ምን እንደ ያዘ ሳታይ አፏን ትከፍታለች። ሰው ሁሉ፥ «አስተዳደጓ እንዴት ያለ ነው፥ ጉርሻ የማትመልስ» እያለ እናቴን ያመሰግናታል። እናቴ ይህን ምስጋና በሰማች ቁጥር ትቀመጣለች። እንቢ እንድትል ልናስተምራት ጀምረናል። ማታ ማታ እኔ አለቃ እሆናለሁ፥ ባዶ እጄን እዘረጋለሁ፤ እርሷ አፏን ዘግታ ራሷን እንድትነቀንቅ እንለማመዳለን። ትንሽ ትዘጋለች፥ ከዚያ ስለምታዝንልኝ ትከፍታለች።

ሰው ሁሉ ከፋ አልህ እንዳይሉኝ መልካሙንም ልጻፍ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ብዙነሽ ለእኅቴ ብቻ የሚሆን ማሰሮና ጭልፋ ለይታ፥ በዕቃው ጆሮ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች፤ ሌላ ሰው ቢነካው ትቆጣለች። በቤቷ ተልባ በወቀጠች ቀን በአጥሩ ላይ ሆና፥ «ዲንቄ፥ ዛሬ ልጅቷን አትላኪብኝ፤ ነገ ቤቱን ጠርጌ እጠራታለሁ» ትላለች። መሪ በሚባለው ቦታ ከብት የሚያረባው አጎቴ በዳዳ ደግሞ መጀመሪያ እኅቴን ይዘን ወደ እርሱ በሄድን ቀን እንኳን ደህና መጣችሁ ሳይል፥ «ምን እንደማትበላ ንገሩኝ። የምትበላውን እኔ አገኝላታለሁ» አለን። ሚስቱንና ልጆቹን በኦሮምኛ ሰብስቦ ነገራቸው፤ ደግመው እንዲሉትም አደረገ። ማንም አልሳቀም። ከወንድሜ ቀብር በኋላም አንዲት የማላውቃት እናት ከጥዱ ሥር ጠብቃኝ፥ የእርሷ ልጅ እንቁላል ሲበላ እንዲሁ እንደሚሆን በጆሮዬ ነገረችኝ። ለማን እንደ ተናገረች ብጠይቃት፥ «ለአንተ። ቡዳ አለበት ብለው ያጥኑብኝ?» አለችኝ። እንግዲህ በደብራችን አጥቢያ አፏን ይዛ የምትፈራ እናት የእኔ እናት ብቻ አይደለችም፤ ስንት እንደሆኑ ግን እርስዎ በሚስቁበት ማኅበር ላይ ሊታወቅ አይችልም።

የምንለምነው ከባድ ነገር አልነበረም። የሰውን ልጅ ከማጉረስ በፊት እናቱን መጠየቅ ነበር። እናት አይሆነውም ስትል ያጎረሰው እጅ እንደ ተሰደበ ሳይቆጥር መመለስ ነበር። ለአንድ ልጅ አንድ ንጹሕ ጭልፋ ነበር። ልጁ ጉሮሮዬ ጠበበኝ ሲል ቀና አድርጎ ደጅ፥ ወደ ነፋሱ ማውጣት፥ ጋቢ አለመጫን ነበር፤ ይተርፍ እንደ ነበር አላውቅም፥ ግን ሲሄድ ሰማይ ያይ ነበር። ለተማሪዎቹም አንድ ቀን ከዳዊቱ በኋላ፥ በሰው ጉሮሮ አይቀለድም ብሎ መንገር ነበር። እርስዎ ቢናገሩት አንድም ልጅ ተልባ ባልያዘ።

አሁን ስለ ፍርዱ መልሳችንን ላቅርብ። በፍልሰታ ወለተሥላሴን አናመጣትም። አለቃ ስለ ቀመሱ ደህና ነው የሚባለውን ነገር አንድ ጊዜ ተቀብለነዋል፤ ሁለተኛ የምንሰጠው ልጅ የለንም። ሊያጎርሷት የሚሹ ከሆነ አስቀድመው ራሷን በጉልበትዎ ላይ ያድርጉ፥ እጇንም ይያዙ፥ እኔ ኃይለ መስቀልን ለመያዝ እንደ ተከለከልሁ ማንም አይከልክልዎ፥ እስከ መጨረሻውም ፊቷን ይዩ። ይህን አደርጋለሁ ካሉ ለእናቴ እነግራታለሁ። ያን ጊዜም መልሷ እንቢ ነው።

ግዝቱ ምን እንደሚያሳጣን አውቀን ነው። እኔ ከዳዊቱ መካከል ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ትምህርቴን የት እንደምጨርስ አላውቅም። በዚህ ዝናብና ጉም እሳታችን ቢጠፋ ፍም የሚሰጠን የለም። ወይዘሮ ብዙነሽ ቀይ ክር ያሰረችበትን ማሰሮ ይዛ ደጃችን ስትደርስ ምን ታድርግ? እናቴ ብትታመም፥ ብትሞትስ ማን ተሸክሞ ያወጣታል? ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለእናቴ ድምፄን አሰምቼ እያነበብሁ ነውና፥ ፊደሌ ባለማማሩ እንዳይቀጡኝ። እናቴ ግን ሰምታኝ፥ «ብቻ ትተንፍስ» አለች። 

ስለዚህ ለአባትነትዎ፥ ለደግነትዎ፥ ለማያርፈው ለጋስ እጅዎ እየሰገድሁ፥ ገበታዎ ሙሉ እንዲሆን፥ ቀማሽም ጎራሽም እንዳያጡ እየተመኘሁ፥ ከእንግዲህ ግን ከዚያ ገበታ ለመቅረብ የማልበቃ ትሑት ልጅዎ፥ የኃይለ መስቀል ታላቅ ወንድም፥

ወልደ ሐዋርያት
በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ በሐምሌ ወር፥ በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።

ከስሜ በኋላ ያሰብሁት፦ ግዝቱን ደግሜ ሳነበው «ማንም አያብላቸው» የሚል ቃል አገኘሁበት። እናቴ እጅ ነሥታ የለመነችዎት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በሚያውጁበት ቀን እባክዎ ቀስ ብለው፥ ያን መልካም ድምፅዎን ከፍ አድርገው፥ የወለተሥላሴን ስም ለይተው ይጥሩልን፤ ደብተራዎቹም፥ ተማሪዎቹም፥ ጉርሻ የሚወዱት የሰፈር ሽማግሎችም ይስሙ፥ እጃቸውንም ይሰብስቡ። በዐቢይ ጾም ገዝተውን ቢሆን ኖሮ ኃይለ መስቀልንም ባተረፉልን ነበር።