አስተርጓሚዬና የኮንጋ ሽማግሌዎች

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት

ዛሬም ኮንጋ። ዛሬም ያው መልስ። በባላባት ጊዜ ከዚህ ማሳ ማን ተነቀለ ብዬ አቶ ጅግሶን ጠየቅኩ። ረዥም አወሩ። ብርሃኑ አስተረጎመ፦ መሬቱ በስምምነት ተከፋፈለ፣ የተጣላ የለም። ባለፈው ሳምንት ያነጋገርኳቸው ሁለት ሽማግሌዎችም ያሉት ይህንኑ ነው። እንዴት ሦስት ሰው አንድ ቃል ይናገራል? አልዋጥልሽ አለኝ።

ላንቺ ልንገርሽ ማስታወሻዬ፣ ብርሃኑን ጠርጥሬዋለሁ። የኮንጋ ቀበሌ ት/ቤት መምህር ነው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ። ጨዋ፤ ከመጠን በላይ ጨዋ። ለሞተሩ ቤንዚን እንኳ አልቀበልም ይላል። በነፃ የሚለፋልኝ ምን ፈልጎ ነው? አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሦስት ከገና በፊት አምጪ ብሎኛል። ምን ይዤ?

ጥቅምት 14

የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ ለምህረት አሰማኋት። የዶርም ጓደኛዬ፣ የዱመርሶ ልጅ፤ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው። ብርሃኑ አንድም ነገር አልዘለለም አለች። ተናደድኩ። ሌባውን ያዝኩ ስል ባዶ እጄን ቀረሁ።

አንድ ነገር ግን ገርሟታል። አቶ ጅግሶ ልጄ እያሉ የሚያወሩት ለብርሃኑ ነው፣ ለኔ አይደለም። ለአፍታ ምህረትንም ጠረጠርኳት፤ የአገሯን ሰው መሸፈኗ ይሆን? ደክሞኛል መሰለኝ።

ጥቅምት 17

ብርሃኑ ክፍል በሚያስተምርበት ሰዓት ከምህረት ጋር ሄድን። እንደ ሌባ በእግር መንገዱ፣ በእንሰቱ መሃል። የመንደሩ አዛውንት እማማ ብርቄ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ብርሃኑ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። የለም ስንል ስልኬን አስጠፉኝና ተናገሩ።

የባላባቱን ሰዎች መርቶ የእሳቸውን አባት ያስነቀለው፣ ቤታቸውን ያስቃጠለው የብርሃኑ አያት ነው። ዛሬ ብርሃኑ ቡና የሚለቅምበት ማሳ የእማማ ብርቄ አባት ማሳ ነበር። ኋላ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ታረቁ። እርቁ ሲጸና ነገሩ ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ቤት ለተወለደ ልጅ እንዳይነገር ተማማሉ። ልጅ ቂም አይውረስ፣ አንገቱንም አይድፋ ብለው።

እኔስ ምን ሠራሁ? ነገሩን ሁሉ የደበቁት ከእሱ ነው። እኔ ደግሞ እሱኑ መሃል አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። አፈርኩ። እማማ ብርቄ ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ እኔ ቤት እየበላ ነው ያደገው ብለው ሸኙን።

ጥቅምት 19፣ ጠዋት

ብርሃኑ የምማርበት ዲላ ድረስ መጣ። መሄዳችንን ሰምቷል። ካፌ ተቀመጥን። ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። አልተቆጣም። እማማ ብርቄ ምን አሉሽ ብሎ ጠየቀኝ። አርጅቻለሁ፣ ረስቻለሁ አሉኝ ብዬ ዋሸሁት። እንዴት ቀለለኝ ውሸቱ።

ሻዩን ሲያማስል ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ ከልጅነቱ ጀምሮ እሱ ሲገባ ወሬ ይቀየራል። ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም። ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ለማስተርጎም እሺ ያለኝ አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ያመልጠው ይሆናል ብሎ ነው። ለኔ ብሎ አልነበረም።

ሻዩ በረደ።

ከሰዓት፦ ምዕራፉን አቆምኩ። አማካሪዬ የፈለገውን ይበል። ቅዳሜ ከምህረት ጋር ኮንጋ እወጣለሁ፣ ያለ መቅጃ፣ ያለ ጥያቄ። ሽማግሌዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እናንተው ንገሩት፣ ሰው ሆኖ መጥቶ ደጃችሁ ቆሟል። እምቢ ካሉ ግን እኔ ልንገረው ወይስ እንደዋሸሁት ልኑር፣ ገና አላወቅኩም።