ከእንግዲህ አንገት አልጠመዝዝም

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደባልቄ ይድረስ።

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ቁልቁለቱን ይወርድልሃል? እትዬ ሕብረት፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ የባለቤቴ የማሚቱ ነገር አለ።

አንገቷን ካመማትና ቀኝ እጇ ከደነዘዘ ሦስት ወር ሆናት። አምጣትና አንድ ጊዜ ልሻት ብለህ በስልክ ስትለኝ ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ካንተ በፊት እኔው አሽቻታለሁ። አባታችን እንዳስተማረን አገጯን ይዤ ቋ እስኪል ጠመዘዝኩት፤ ዓይኗ ዞሮ እጄ ላይ ተዝለፈለፈች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጌሻው አንለይ ስባል ኖሬ የገዛ ሚስቴን ልገድላት ነበር።

ወዲያው በባጃጅ አሶሳ ሆስፒታል አደረስኳት። በሲቲ ስካን ሲያነሷት የአንገቷ አጥንት ላይ ቀዳዳ ታየ። ዕጢ እንዳይሆን ተፈራ፤ በመርፌ ናሙና ይወሰድ የሚል ሐሳብም ነበር። ፎቶውን የምታነበው ዶክተር ዐዋጢፍ ግን፣ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ምንነቱ ሳይለይ መርፌ አይገባም አለች። በማሚቱ ክንድ ደም ሥርን አጉልቶ የሚያሳይ ቀለም ሰጥተው ደግመው አነሷት። ቀዳዳው ውስጥ የተገኘው ዕጢ ሳይሆን ደም ወደ ጭንቅላት የሚወስድ ሥር ነው። ሌላው ሰው ጋ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሥር እሷ ጋ ታጥፎ፣ ወንዝ ዳሩን እንደሚሸረሽር አጥንቷን ሸርሽሮታል። ዶክተሯ ማን አሻት ብላ ስትጠይቅ እኔ ነኝ አልኳት። አልተቆጣችኝም። ስብራቱን ይጠግኑ፣ ሲጠመዘዝ ሥሩ ሊቀደድ ይችላልና አንገት ግን አይንኩ ብላ ብቻ ነገረችኝ።

አሁን ማሚቱ የአንገት ድጋፍ አድርጋ በቀጠሮ ትታያለች። ጀሪካኑንም እንጨቱንም የምሸከመው እኔ ነኝ። ወጌሻው ውሃ ቀጂ ሆነ እያለ መንደሩ ይስቃል፤ ይሳቅ።

ስለዚህ ጋሼ፣ አላመጣትም። አንተም የማንንም አንገት እንዳትጠመዝዝ በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ። የአንገቷን የሲቲ ስካን ፊልም ሹፌሩ ቶሌራ ያደርስልሃል። ወደ ፀሐይ አንሥተህ እየው፤ በእስክሪብቶ የከበብኩት ያ ሥር ነው። ከዚያ አባታችን የስብራት ማሰሪያ ቀርከሃውን ይሰቅልበት በነበረው ምሰሶ ላይ ስቀለው። አንገቴን አቅናልኝ ብሎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይይ።

እትዬ ሕብረትን፣ ከሥርህ ሆኖ ሙያውን የሚማረውን እዩኤልን፣ ትንሿን ማሪያምን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለእዩኤል ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብብለት።

ከስሜ ሥር ያለው ጠማማ ጽሑፍ የማሚቱ ሰላምታ ነው። እጇ ብዕር የያዘላት ገና ትናንት ነው።

ወንድምህ አንለይ
ደህና ነኝ፣ ማሚቱ
አሶሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.