አንተ ስላሰለጠንከው የሳይንስ መምህር

ለወንድሜ ለላይሰን፣

እንደምን ከረምክ? ደም ግፊትህስ ጋብ አለልህ ወይ? ኤስናትና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሐይቁ ዘንድሮ ሸሽቶብናል፤ የምናሰጣው ዓሣ ከጣት አይበልጥም። ደግ ደጉ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው። በሰው እጅ አላስጻፍኩትም። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ለዚህ ካልሆነኝ ለምን ይሆነኛል።

የልጅ ልጄ ቲያሚኬ ማጅራት ገትር ከያዛት ወዲህ እንደማትሰማ ታውቃለህ። ከንፈር እያየች ነው ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው። ከሁለት ወር በኋላ ፈተና አለባት። ሳይንስ ከወደቀች ሁለተኛ ደረጃ የለም፤ ከእኔ ጋር ዓሣ ማስጣት ነው።

የሳይንስ መምህሯ አንተ ያሰለጠንከው ጋዋኒ ነው። ጀርባውን ለልጆቹ ሰጥቶ ከሰሌዳው ጋር ያወራል። ባለፈው ሳምንት ስለ ድምፅ ሊያስተምር ከቤተ ክርስቲያን ከበሮ አስመጣና ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ስመታው የሰማ እጁን ያንሳ አላቸው። ያላትን ዓይን አስጨፈናት። እሷ ግን ሁሉም እጁን ሲያነሳ ዓይኗን ገልጣ አየች፤ ተነስታ ሄዳ መዳፏን ከቆዳው ላይ አሳረፈች። እንደገና ሲመታው እጇን አነሳች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አጭበርባሪ ብሎ በከበሮው ዱላ ጣቷን መታት። ከዚያ ወዲህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግቢ ትጠርጋለች።

ሄድኩለት። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ፣ እማማ አይቆጡ፣ ለማይሰማ ሰው ድምፅን ምን ብዬ ላስተምር አለኝ። ከበሮው ቆዳ ላይ አግኝታው አልነበር ወይ ስለው ሳቀ። «ኮሌጅ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች የተማርነው አንድ ከሰዓት ነው። መምህር ላይሰን ከወረቀት አነበቡልን። ‘እነዚህ የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው፣ እናንተ ጋ አይመጡም፣ ፈተና ላይም አላወጣውም’ አሉን። እኛም ደስ ብሎን ወጣን» አለ። እህትህ መሆኔን አያውቅም። ለመናገር አፈርኩ።

የራሳቸው ትምህርት ቤት የት ነው ላይሰን? ያንን ወረቀት ስታነብ እሷ ትዝ አላለችህም? ለገና በዓል መጥተህ ስታጫውታት ፊትህን ወደ እሷ እያዞርክ፣ ቀስ እያልክ ትናገር ነበር፤ በቀልድህም ትስቅ ነበር። ለራስህ የምታውቀውን ለተማሪዎችህ ለመንገር ምን ከበደህ?

እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። በእኛ ወግ ከእህት ለተወለደ ሁሉ ተጠሪው ወንድምየው ነውና፣ ትምህርት ቤት ቀርቦ ማን ይናገርላት ሲባል ሁሉም ያንተን ስም ጠራ። አጎታችን፣ ላይሰን እኮ የመምህራን መምህር ነው፣ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃል አሉ። እኔም ተናግሯል አልኩ። ጋዋኒ የነገረኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ተጠሪነቱ ለታናሻችን ለግሬሻም ተሰጥቷል፤ ለቲያሚኬ ብቻ አይደለም፣ ከእኔ ለተወለደ ሁሉ። ነገ ትምህርት ቤት የሚሄደው እሱ ነው። አንተ ለሠርጋችንም ለሐዘናችንም እንደ እንግዳ ትመጣለህ። ምግብ አይከለከልህም።

ለኤስናት፣ የላከችልኝ ሻርፕ እንደሚሞቀኝ ንገርልኝ። ማዳሊቶን አክስትሽ ስማሻለች በላት። ትንሹ ዊልፎርድ ሳሉ ለቀቀው ወይ? በርታ በልልኝ። ቲያሚኬም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ያልከውን አልነገርኳትም።

እህትህ ፋይነስ
ከቺልዋ ሐይቅ ዳር፣ ማርች 14 ቀን 2016